ጆን ቤል (ሊቀ መኳስ ዮሐንስ)

ጆን ቤል በኢትዮጵያ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ በሚል ስም የሚታወቅ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአገሪቱ የኖረ እንግሊዛዊ ተጓዥ፣ ወታደርና የቤተ መንግሥት ባለሟል ነበር። መጀመሪያ በራስ ዓሊ ዳግማዊ፣ ቀጥሎም በዓፄ ቴዎድሮስ ዳግማዊ ቤት አገልግሏል። አማርኛን ለምዶ፣ ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶና የአገር ማዕረግ ተቀብሎ ሃያ ዓመት ገደማ በኢትዮጵያ ኖረ። በ1853 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. 1860 መጨረሻ አካባቢ) በደባርቅ አካባቢ ከዓማፂው ከጋረድ ጦር ጋር በተደረገ ውጊያ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ሲዋጋ ሞተ።

በዚያ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ አውሮጳውያን አብዛኞቹ ሚስዮናውያን፣ መልእክተኞች፣ አሳሾች ወይም የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ከነዚህ መካከል ሥራቸውን ጨርሰው የተመለሱ ብዙ ናቸው። ቤል ግን የመንግሥት መልእክት ሳይይዝና የሃይማኖት ማኅበር ሳይልከው፣ በቋንቋው፣ በትዳሩና በሎሌነቱ የአገሬው ኅብረተሰብ አካል ሆኖ የኖረ ሰው ስለሆነ ታሪኩ ለብቻው ይታያል።

የዘመኑ ሁኔታ

ቤል ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ነበር። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት ተብሎ የሚቀመጥ ቢኖርም ሥልጣኑ የስም ብቻ ነበር። ትክክለኛው ሥልጣን በየክፍለ ሀገሩ ባሉ መሳፍንት እጅ ነበር። ከነዚህ ዋነኛው የየጁው ራስ ዓሊ ሲሆኑ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ነበር። ስሜንንና ትግራይን ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ይገዙ ነበር። በዚህም ምክንያት ከባሕር በር ወደ ጎንደር የሚመጣ ማንኛውም ሰው በመጀመሪያ የሚያልፈው በውቤ ግዛት፣ ቀጥሎም የሚደርሰው በዓሊ ግዛት ነበር።

ሃይማኖትም ለእንግዳ ሰው ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ፕሮቴስታንት ሚስዮናዊው ካርል ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1838 ከዓድዋ ተባርሯል። በ1839 የመጣው ካቶሊካዊው ጁስቲኖ ደ ያቆቢስ ተከታዮች ቢያገኝም ከ1841 ጀምሮ አገር ውስጥ የነበሩት ጳጳስ አቡነ ሰላማ በብርቱ ተቃውመውታል። ስለ እመቤታችን ማርያምና ስለ ቅዱሳን አማላጅነት የሚነሣ ክርክር አንድን ፈረንጅ ከሰፈር ሊያስባርር ይችል ነበር። በዚህ ሁኔታ አንድ እንግዳ ወዳጅ ወይም ጠላት የሚሆነው ይዞት በመጣው ዕቃ ብቻ ሳይሆን በሚናገረው፣ በሚጾመውና በሚበላው ጭምር ነበር።

ቤል የመጀመሪያ ጉዞውን ማስታወሻ በጽሑፍ አስቀርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1840 እስከ 1842 ያለውን ጊዜ የሚመለከት ከዚሁ የተወሰደ ክፍል በ1842 በግብፅ አገር በእስክንድርያ ታትሟል። ከዚህ በኋላ ስለ ራሱ የጻፈው ጥቂት ነው፤ ሕይወቱ በይበልጥ የሚታወቀው ሌሎች ስለሱ በጻፉት ነው።

ከምጽዋ እስከ ጎንደር

እ.ኤ.አ. በ1843 ቤል በሱዌዝ ከዋልተር ፕላውደን ጋር ተገናኘ። ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1820 የተወለደ፣ በሕንድ አገር በካልካታ ሠርቶ ወደ እንግሊዝ በመመለስ ላይ የነበረ ወጣት ነበር። ቤል የነጭ ዓባይን ምንጭ ለመፈለግ ማቀዱን ሲሰማ የራሱን መንገድ ትቶ አብሮት ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ምንጩን አላገኙም። ሁለቱም ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወታቸውን ከኢትዮጵያ ጋር አስተሳሰሩ።

የዘመኑ ዋና መንገድ ከምጽዋ ተነሥቶ በዓድዋ በኩል አልፎ ተከዜን ይሻገራል። ከዚያም ከቆላው ተነሥቶ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ ደጋው ላይ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ በዳባትና በወገራ ሜዳ በኩል ወደ ጎንደር ይዘልቃል። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ዳባት በሁለቱ መካከል ናት። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ በሊማሊሞ በኩል ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐልም በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንን አቋርጦ ስለ አራዊቱ ጽፏል።

ይህ መንገድ የንግድ መንገድ ነበር። ነጋዴው አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስና ሌላም ሸቀጥ ጭኖ በቅፍለት ይጓዛል፤ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል። ሊማሊሞ ላይ ጭነት ከበቅሎ ወርዶ በሰው ትከሻ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። መንገዱን የያዘ መስፍን ቀረጡን፣ የጦር መሣሪያውንና ወደ ውጭ የሚሄደውን ደብዳቤ ሁሉ ይቆጣጠር ነበር። በኋላ የፕላውደንም የቤልም ሞት ከዚሁ መንገድ መዘጋት ጋር የተያያዘ በመሆኑ የመንገዱን ጥቅም ማወቅ ታሪኩን ለመረዳት ይረዳል።

ቋንቋውን መልመድ

በቤል ዘመን አማርኛን ከመጽሐፍ መማር አስቸጋሪ ነበር። አማርኛ የሚነገር ቋንቋ እንጂ በሰፊው የሚጻፍ ቋንቋ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ፣ ዜና መዋዕልና ብዙ ደብዳቤ በግዕዝ ይጻፍ ነበር። በአውሮጳ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ በተማረው መሠረት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1698 አሳትሞ ነበር፤ ይህ ግን በላቲን ለሊቃውንት የተጻፈ ነው። የኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1841፣ ሰዋስዉም በ1842 ነው። ሁለቱም የታተሙት ለንደን ሲሆን በዚያን ጊዜ ቤል ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር።

ለጀማሪ የሚጠቅም ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ትርጉሙን በግብፅ አገር የሠሩት አባ አብርሃም የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ናቸው። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ለንደን ታትሟል። ሚስዮናውያን ይዘውት ወደ አገር ቢያስገቡትም ስርጭቱ የተወሰነ ነበር።

ስለዚህ በአገሪቱ ውስጥ የሚኖር አውሮጳዊ ቋንቋውን የሚለምደው ከጆሮ ነበር። ብዙዎቹ ተጓዦች በመጀመሪያ በዓረብኛ ይረዱ ነበር፤ የጀበርቲ ነጋዴዎችና ግብፅን ያዩ ሰዎች ዓረብኛ ያውቁ ነበርና። በአስተርጓሚ መነጋገር ግን ችግር ነበረው። አስተርጓሚው የሰማውን ሳይሆን ለጌታው ደስ የሚለውን ሊያቀርብ ይችላል። በችሎት የሚቀርብ አቤቱታም ሆነ በግብር ላይ የሚነገር ቀልድ በሦስተኛ ሰው አፍ ሲያልፍ ኃይሉን ያጣል።

ቃላት ማወቅ ብቻም አይበቃም። አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱና እርስዎ ብሎ ሰውን በማዕረጉ፣ በዕድሜውና በቅርበቱ ይለያል። ጌታን አንተ ማለት ድፍረት ነው፤ ሎሌን አንቱ ማለትም መሳቂያ ያደርጋል። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ከራስ ጤና ተነሥቶ ቤተሰቡን፣ ከብቱንና አዝመራውን አዳርሶ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። በመኳንንት አዳራሽ ደግሞ ሰምና ወርቅ አለ፤ ላዩ ምስጋና ውስጡ ስድብ የሆነ ንግግር ያልገባው ሰው ከሳቁ ውጭ ይቀራል። ቤል በዓሊ አዳራሽና በኋላም በቴዎድሮስ ድንኳን ያለ አስተርጓሚ ለመቀመጥ የበቃው በዚህ ሁሉ ውስጥ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ ነው።

በዚያው ጊዜ በሌላ መንገድ የኖሩም ነበሩ። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ በትግራይ ተቀምጦ ጫማውን ጥሎ በባዶ እግሩ ሄደ፤ የአገሬውን ልብስ ለበሰ፤ ጸጉሩንም እንደ አገሬው አደረገ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ግን አገር ለቅቆ ወጥቶ በ1853 መጽሐፍ አሳተመ። ፈረንሳያዊው አንትዋን ዳባዲ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 ቋንቋዎችን አጥንቶ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። ለፓርኪንስ የአገሬው ኑሮ የጥቂት ዓመት ልምድ፣ ለዳባዲ ቋንቋው የምርምር ጉዳይ ነበር። ለቤል ግን ሁለቱም የዕለት መኖሪያው ነበሩ።

ትዳርና ልጆች

ቤል ወይዘሮ ወርቅነሽ አስፋ ይልማ የተባሉ የመኳንንት ወገን አግብቶ ልጆች ወልዷል። በአገሬው ልማድ ጋብቻ ሁለት ሰዎችን ብቻ ሳይሆን ሁለት ወገኖችን ያገናኛል። ዘመድ የሌለው ሰው በዘመነ መሳፍንት ዋስ የሚሆነው፣ ሲታሰር የሚያስፈታው፣ ሲሞት የሚያለቅስለት አልነበረውም። ቤል በጋብቻው አማት፣ አማችና የክርስትና ዘመድ አገኘ። ልጆቹም በአማርኛ አፋቸውን ፈቱ።

ከልጆቹ በስም የሚታወቁት ሱዛንና ሜሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አጋማሽ በስዊዘርላንድ ከሚገኘው የቅድስት ክሪስኮና ተቋም የሠለጠኑ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መግባት ጀመሩ። እነዚህ በኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተቀምጠው ለዓፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያበጁት ናቸው። ከነሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር እ.ኤ.አ. በ1859 መጨረሻ ሱዛንን አገባ። ሜሪ ደግሞ ሌላውን የጋፋት ሰው ካርል ዛልሚውለርን አገባች። በዚህ መንገድ የቤል ቤት በንጉሠ ነገሥቱና በአውሮጳውያኑ መካከል ማገናኛ ሆነ።

በራስ ዓሊ ቤት

ቤል በደብረ ታቦር የራስ ዓሊ ባለሟል ሆኖ ለዓመታት ቆየ። ፕላውደን ግን እ.ኤ.አ. በ1847 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በቀይ ባሕር የመርከብ አደጋ ቢደርስበትም አገሩ ገብቶ፣ በ1848 የእንግሊዝ ቆንስል ተብሎ ተሾመና ተመልሶ መጣ። በ1849 በራስ ዓሊና በንግሥት ቪክቶሪያ መንግሥት መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ።

ውሉ ብዙም አላገለገለም። በቋራ በኩል የተነሡት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ያገቡ ቢሆኑም፣ የአማታቸውን ጦር ደጋግመው ድል ነሡ። በመጨረሻ በሰኔ 1845 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 1853) በአይሻል ጦርነት ራስ ዓሊ ተሸነፉ። የየጁዎች የበላይነትም በዚሁ አበቃ።

ጌታው የተሸነፈበት ሎሌ ዕጣው ከሦስት አንዱ ነበር፤ አብሮ መሰደድ፣ መታሰር ወይም ለአሸናፊው ማደር። ቤል ለካሣ አደረ። ካሣም ለቀድሞ ጌታው ታማኝ የነበረ ሰው ለእሳቸውም ታማኝ ይሆናል ብለው ሳይሆን አልቀረም፣ ከቅርብ ሰዎቻቸው መካከል አስገቡት።

ሊቀ መኳስነት

የካቲት 1847 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1855) ካሣ በስሜን ደራስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደራስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀቡ። ቤል በአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ሊቀ መኳስ ተብሎ ተሾመ፤ ስሙም በአገሬው አፍ ዮሐንስ ሆነ።

ሊቀ መኳስ ከቤተ መንግሥት ማዕረጎች ሁሉ ለንጉሥ አካል የሚቀርብ ነው። ሹሙ በጦር ሜዳ የንጉሡን የመሰለ ልብስ ለብሶ፣ በንጉሡ ፈረስ ዓይነት ፈረስ ተቀምጦ ይሰለፋል። ጠላት የትኛው ንጉሥ እንደሆነ እንዳይለይ ማድረግ ሥራው ነው። በሌላ አነጋገር ለንጉሡ የተወረወረ ጦር እሱን ያገኘው ዘንድ የተሾመ ሰው ነው። በሰላም ጊዜ ደግሞ ከንጉሡ አጠገብ የማይለይ፣ ምስጢር የሚሰማ ባለሟል ነው። እንዲህ ያለ ሹመት በደም ዘመድ ላልሆነ፣ ከባሕር ማዶ ለመጣ ሰው መሰጠቱ የእምነቱን መጠን ያሳያል። ቤል የራሱ የሆነ ግዛትም ሆነ በዙፋኑ ላይ የሚያነሣው የዘር መብት ስላልነበረው፣ ከኢትዮጵያውያን መኳንንት በተለየ ለንጉሡ ሥጋት አልነበረም።

ቤል በንጉሠ ነገሥቱ ድንኳን አቅራቢያ ያድር ነበር፤ ከገበታቸውም ይቀርብ ነበር። ስለ አውሮጳ መንግሥታት፣ ስለ ጦር አሠራራቸውና ስለ ታሪካቸው ለቴዎድሮስ የሚነግራቸው እሱ ነበር። የሼክስፒርን ተውኔቶች በአማርኛ ይተርክላቸው እንደነበርም ይነገራል። ጦሩን በአውሮጳ ሥርዓት ለማሠልጠን በተደረገው ሙከራም ስሙ ይነሣል።

የዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን ለአማርኛም ልዩ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት በግዕዝ ይጻፍ የነበረው የነገሥታት ዜና መዋዕል ከሳቸው ጀምሮ በአማርኛ ተጻፈ፤ የደብተራ ዘነብ ጽሑፍ ለዚህ ምሳሌ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭ መንግሥታት የጻፏቸው ደብዳቤዎችም በአማርኛ ናቸው። ስለዚህ ቤል በጆሮው የለመደው የሰፈርና የድንኳን ቋንቋ በዓይኑ ፊት የመንግሥት ጽሕፈት ቋንቋ ሆነ።

ቤልና ፕላውደን

ሁለቱ ጓደኛሞች አንድ አገር፣ አንድ ንጉሥና አንድ ቋንቋ ቢጋሩም አቋማቸው ለየቅል ነበር። ፕላውደን የመንግሥቱ ሠራተኛ ነበር። ወደ ለንደን ረጃጅም ሪፖርት ይጽፋል፤ የንግድና የፖለቲካ ጥቅም ያሰላል። ቴዎድሮስ ይወዱት ነበር፤ ሆኖም በአገራቸው የእንግሊዝ ቆንስላ እንዲከፈት ሲጠየቁ አልፈቀዱም። አንድ የውጭ መንግሥት በግዛታቸው ውስጥ የራሱ ሹም እንዲኖረው አልፈለጉም።

ቤል በአንጻሩ ለለንደን ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ አልነበረበትም። ደመወዙ፣ ልብሱና ፈረሱ ከንጉሠ ነገሥቱ ነው። ይህ ነፃነት ሰጠው፤ ዋጋም አስከፈለው። ፕላውደን ቢቸግረው የሚጠራው መንግሥት ነበረው፤ ቤል ግን ከቴዎድሮስ ሌላ ጌታ አልነበረውም። የንጉሡ ጠላት ሁሉ የሱ ጠላት ነበር።

በስሜን የኖሩ ሌሎች አውሮጳውያን

በስሜንና በአካባቢው የቤልን የመሰለ ኑሮ የኖሩ ሌሎችም ነበሩ። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ በትግራይና በስሜን ተራሮች ዕፅዋት እየሰበሰበ ወደ አውሮጳ ላከ። ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ ከደጃዝማች ውቤ በእንትጮ አካባቢ የአገረ ገዥነት ሥልጣን ተቀብሎ ኖረ። ውቤ ሲወድቁ ግዛቱን አጣ። ቢሆንም ኢትዮጵያን አልለቀቀም፤ እ.ኤ.አ. በ1878 ዓድዋ ሞተ።

ሌላው ኤድዋርድ ዛንደር ነው። ከጀርመን አንሃልት የመጣ ሠዓሊ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1847 ደጃዝማች ውቤን ማገልገል ጀመረ። በደራስጌ ማርያም ሕንፃ ሥራም ተካፍሏል። ከውቤ ሽንፈት በኋላ ለቴዎድሮስ አደረ። ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ልጁ ካትሪና የጋፋቱን ሞሪትዝ ሆልን አገባች። የዝነኛው ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት የነዚህ ልጅ ናት።

የሦስቱ ሰዎች ታሪክ አንድ ነገር ያሳያል። እንግዳ ሰው በአገሬው መካከል ቦታ የሚያገኘው በአንድ ጌታ ጥላ ሥር ነበር። ጌታው ሲወድቅ እንደማንኛውም ሎሌ አዲስ ጥላ መፈለግ ነበረበት።

የፕላውደን ሞት

በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የደጃዝማች ውቤ ዘመድ የሆነው አገው ንጉሤ ትግራይንና ስሜንን ይዞ ዓመፀ። ከፈረንሳይም ድጋፍ ይጠባበቅ ነበር። በዚህም ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ ለቴዎድሮስ ወገን ተዘጋ። የንጉሤ ተባባሪ የሆነው ጋረድ የቴዎድሮስ ዘመድ ቢሆንም ከዓማፅያኑ ጋር ተሰልፎ በወገራና በጎንደር ዙሪያ ይንቀሳቀስ ነበር።

ፕላውደን ወደ አገሩ ለመመለስ እ.ኤ.አ. በ1860 መጀመሪያ ከጎንደር ተነሣ። ብዙ ሳይርቅ የጋረድ ሰዎች አጠቁት፤ ቆስሎ ተማረከ። በገንዘብ ተቤዥቶ ወደ ጎንደር ቢመለስም ከቁስሉ አልዳነም፤ መጋቢት 1852 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1860) ሞተ። ቤል ከሱዌዝ ጀምሮ ለአሥራ ሰባት ዓመት የሚያውቀውን ጓደኛውን አጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እንደ ወዳጅ የሚያዩትን ሰው አጡ።

የደባርቅ ውጊያ

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ በጋረድ ላይ ዘመቱ። ሁለቱ ወገኖች በደባርቅ አካባቢ ተገናኙ። ቤል እንደ ማዕረጉ ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ ነበር።

የውጊያውን ዝርዝር ምንጮች በተለያየ መንገድ ይተርኩታል። በብዛት በሚነገረው መሠረት ቤል ጋረድን በጥይት ጣለው፤ ወዲያው የጋረድ ወንድም ቤልን በጦር ወጋው፤ ቴዎድሮስም ወንድሙን ገደሉ። በሌላው ትረካ ቤል የሞተው ለንጉሡ የታሰበውን ጦር በራሱ አካል ከልክሎ ነው። ሁለቱም ትረካዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ማዕረጉ የሚጠይቀውን ሞት ሞተ።

ከዚያ የተከተለው በደባርቅ ታሪክ ከባዱ ምዕራፍ ነው። ቴዎድሮስ የተማረኩትን የጋረድ ተከታዮች ስለ ሁለቱ ወዳጆቻቸው ደም በቀል አስገደሉ። የሟቾቹ ቁጥር በመቶዎች የሚገመት ሲሆን አንዳንድ ምንጮች ከሺህ በላይ ያደርሱታል። አብዛኞቹ ጌታቸውን ተከትለው የዘመቱ የወገራና የስሜን ሰዎች ነበሩ። በአገሬው ሕግ የተገደለ ሰው ደም በዘመዱ ይመለሳል ወይም በካሣ ይታረቃል። ለቤል ደም መላሽ ሆነው የቆሙት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው፤ ይህም እሱን እንደ ሥጋ ዘመድ ይቆጥሩት እንደነበር ያመለክታል። በሌላ በኩል አንድ እንግዳ በአገሬው ዘንድ ያገኘው ፍቅር ለብዙ የአገሬው ሰዎች ሞት ምክንያት መሆኑም ከዚሁ ታሪክ አይነጠልም።

አገው ንጉሤ በቀጣዩ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1861 መጀመሪያ፣ በትግራይ ተይዞ ተገደለ፤ መንገዱም ተከፈተ።

ከቤል ሞት በኋላ

እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1858) አርፈው ነበር። ፕላውደንና ቤል በአንድ ዓመት ውስጥ ሲከተሉ፣ ቴዎድሮስን ፊት ለፊት መክረው ቁጣቸውን የሚያበርዱ ሰዎች አነሱ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የንጉሠ ነገሥቱ ጠባይ እየከረረ የሄደበትን ጊዜ ከነዚህ ሞቶች ጋር ያያይዙታል። የግብር መክበድ፣ ከካህናት ጋር የተፈጠረው የመሬት ጠብና የየክፍለ ሀገሩ ዓመፅም ትልቅ ድርሻ ስለነበራቸው ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

በፕላውደን ፋንታ የተሾመው ቆንስል ቻርልስ ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1862 መጣ። ቴዎድሮስ በዚያው ዓመት በሱ በኩል ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። በደብዳቤው ክርስቲያንን የምትወድ ታላቅ ንግሥት መኖሯን የነገሯቸው ፕላውደንና ሊቀ መኳስ ዮሐንስ እንደሆኑ፣ ሁለቱ በጠላት እጅ እንደሞቱና ደማቸውን እንደመለሱ አስታውቀዋል። ወዳጅነትም ጠየቁ። ደብዳቤው በለንደን መልስ ሳያገኝ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ዝምታውን እንደ ንቀት ወሰዱት፤ ካሜሮንንና ሌሎች አውሮጳውያንን አሰሩ።

በዚህ ወቅት የቤል መጉደል በግልጽ ታየ። የለንደን ጽሕፈት ቤት አሠራር ለቴዎድሮስ፣ የቴዎድሮስም ክብር ለለንደን በሚገባቸው ቋንቋ የሚያስረዳ፣ በሁለቱም ወገን የሚታመን ሰው አልነበረም። ካሜሮን አገሩን ጠንቅቆ አያውቅም፤ የጋፋት ባለሙያዎች ቋንቋውን ቢለምዱም ባለሟልነታቸው የቤልን ያህል አልነበረም። ጉዳዩ በመጨረሻ የጄኔራል ናፒየርን 13,000 ያህል ወታደሮች ያሉት ጦር አመጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1868) ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ።

ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቅቀው ከወጡት መካከል የቤል ልጅ ሱዛንና ባለቤቷ ቫልድማየር ይገኙበታል። ቤተሰቡ ወደ ሊባኖስ ሄደ። ቫልድማየር በዚያ በብሩማና እ.ኤ.አ. በ1873 ትምህርት ቤት መሠረተ፤ በኋላም አስፉሪዬ የሚባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። አባቷ ወደ ሰው አገር መጥቶ ቋንቋ እንደለመደ ሁሉ፣ አማርኛ የአፍ መፍቻዋ የሆነው ሱዛንም በተራዋ ቀሪ ሕይወቷን በዓረብኛ ተናጋሪዎች መካከል ኖረች።

በታሪክ ያለው ቦታ

የፕላውደን ጽሑፎች በወንድሙ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1868 በመጽሐፍ ታትመዋል። ቤል ይህን ያህል ጽሑፍ ስላልተወ ስሙ በብዛት የሚገኘው በቴዎድሮስ ታሪክ ውስጥ ነው። ለእንግሊዞች ወደ ሰው አገር ጠልቆ የቀረ ጀብደኛ፣ ለኢትዮጵያውያን ግን ለጌታው የሞተ ባለሟል ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ ጽሑፎች ከአውሮጳዊ ስሙ ይልቅ ማዕረጉ ቀድሞ መጠራቱ ይህንኑ ያሳያል።

የሞተበት የደባርቅ አካባቢ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ጎብኚዎች ዋልያንና ጭላዳን ለማየት የሚገቡትም በደባርቅ በኩል ነው። ወደዚያ የሚወስዳቸው መንገድ ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት የሚያልፈው፣ የቅፍለት ነጋዴዎች፣ ፕላውደንና ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የሄዱበት ያው የወገራ መንገድ ነው።